የነጻነት ምልክቶች የማያሳዩን ነገር

በኖቬምበር 2022 መጨረሻ በቻይና ትልልቅ ከተሞች ወጣቶች ባዶ ነጭ ወረቀት ይዘው አደባባይ ወጡ። ወረቀቱ ላይ አንዲት ፊደል የለችም። መነሻው ኡሩምቺ በምትባል ከተማ በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ የተነሳ እሳት ነበር። አሥር ሰዎች ሞቱ። ሰዎቹ ማምለጥ ያቃታቸው በኮቪድ ሰበብ በተጣለው ጥብቅ ገደብ ነው ብሎ ብዙ ሕዝብ አመነ። ባለሥልጣናቱ አስተባበሉ። ሰው ግን አልተቀበላቸውም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወረቀቱ ለምን ባዶ ሆነ? መፈክር የጻፈ ሰው በጻፈው ይከሰሳል። ምንም ያልጻፈውን ግን ምን ብሏል ብለው ይከሱታል? ያም ሆኖ ሰዎች ተያዙ። በዚያው ዓመት ሩሲያ ውስጥም በዩክሬን ላይ የተከፈተውን ጦርነት በመቃወም ባዶ ወረቀት ይዘው የቆሙ ሰዎችን ፖሊስ ወስዷል። ወረቀቱ ምን እንደሚል ያዡም ያውቃል፣ አላፊ አግዳሚውም ያውቃል፣ ፖሊሱም ያውቃል። ምልክት ማለት ይኼው ነው። ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ጮክ ብሎ እንዲናገረው ያልተፈቀደለት ነገር።

ሆንግ ኮንግ ውስጥ በ2014 ይህን ሥራ የሠራው ጃንጥላ ነው። ሰልፈኞቹ ያነሱት ፖሊስ ከሚረጭባቸው ጋዝ ፊታቸውን ለመከለል ነበር። ከዚያ በኋላ ጃንጥላው የንቅናቄው ስም ሆነ። ታይላንድ ውስጥ በዚያው ዓመት ጦሩ ሥልጣን ሲይዝ ወጣቶች ከአንድ ታዋቂ ፊልም ያዩትን ሦስት ጣት የማንሳት ሰላምታ አደባባይ ይዘው ወጡ። በ2021 የማይናማር ጄኔራሎች መንግሥት ሲገለብጡ ደግሞ ያው ሰላምታ እዚያ ተሻገረ። ወረቀት፣ ጃንጥላ፣ ጣት። በራሳቸው ምንም አይደሉም። ክብደት የሰጣቸው የያዛቸው ሰው ሊከፍል የሚችለው ዋጋ ነው።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው የሚስማማ ይመስለኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። የነጻነት ምልክቶቻችንን ደርድረን ብናያቸው ሁሉም ማለት ይቻላል አንዲት ቅጽበት ላይ የቆሙ ናቸው። ሰንሰለት ሲበጠስ፣ ግንብ ሲፈርስ፣ ባንዲራ ሲወርድና ሌላው ሲሰቀል፣ እጅ ሲነሳ። ሁሉም መፈታትን ያሳያሉ። የተፈታው ሰው በማግስቱ የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚሠራ፣ ሲበደል ለማን አቤት እንደሚል የሚያሳይ ምልክት ግን እንደ ልብ አይገኝም። በዚህ የተነሳ መፈታትንና ነጻ ሆኖ መኖርን አንድ አድርገን ለማየት እንቸኩላለን። ብዙ አገር ደግሞ በዚህ ችኮላ ተጎድቷል።

ከአንዲት ቆብ ታሪክ እንጀምር።

በጥንቷ ሮም አንድ ባሪያ ነጻ ሲወጣ ጭንቅላቱን ተላጭቶ ፒሌዎስ የምትባል ቆብ ይደፋ ነበር። ቆቧን ያየ ሁሉ ሰውየው ከዛሬ ጀምሮ የማንም ንብረት እንዳልሆነ ይረዳል። ዩልዮስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ተገደለ። ከገዳዮቹ አንዱ ብሩተስ ብዙ ሳይቆይ ሳንቲም አስመታ። በሳንቲሙ ጀርባ ሁለት ጩቤዎች አሉ፣ በመካከላቸው ያቺ ቆብ። መልእክቱ ሮምን ከአምባገነን ነጻ አወጣናት ነው። ብሩተስና ጓደኞቹ ግን ራሳቸው ባሪያ የሚያሳድሩ መኳንንት ነበሩ። የታገሉት ለሴናተሮች ነጻነት ነው። ቆቧን ከባሪያው ራስ ላይ አንስተው ለጌታው አደረጓት ማለት ይቻላል።

ቆቧ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ ብቅ አለች፣ ቀይ ሆና። በጁን 20 ቀን 1792 ሕዝቡ ቤተ መንግሥት ሰብሮ ገብቶ ንጉሥ ሉዊ 16ኛን ቆቧን አስደፋው። ንጉሡ በጥቂት ወራት ውስጥ ተገደለ። ቆቧን አርማው ያደረገው ሪፐብሊክ በ1794 በቅኝ ግዛቶቹ ባርነትን ሻረ። ናፖሊዮን በ1802 መለሰው። እስከ መጨረሻው የተሻረው በ1848 ነው። ያቺው ቆብ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ እጅና እግር ተሰጥቷት የውድድሩ ማስኮት ሆና ስትጨፍር ዓለም አይቷል።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ዋሽንግተን ላይ የደረሰባት ነው። በ1850ዎቹ የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ ጉልላት ላይ የሚቆም የነጻነት ሐውልት እንዲሠራ ተወሰነ። ቀራጩ ቶማስ ክሮፎርድ ባቀረበው ንድፍ ላይ ነጻነት በሴት ተመስላ ቆቧን ደፍታ ነበር። ሥራውን በበላይነት የሚቆጣጠረው የጦር ሚኒስትሩ ጄፈርሰን ዴቪስ ነው፣ የሚሲሲፒ ባሪያ አሳዳሪ። ዴቪስ ቆቧን አየና አይሆንም አለ። ቆቧ ነጻ የወጣ ባሪያ ምልክት ናት፤ ነጻ ሆኖ ለተወለደ ሕዝብ አትመጥንም የሚል ነበር ክርክሩ። ክሮፎርድ ቆቧን አውጥቶ የንስር ራስና ላባ ያለበት የራስ ቁር ተካ። እስከ ዛሬ ጉልላቱ ላይ ያለችው እሷ ናት።

ዴቪስ የምልክቱን ትርጉም አልሳተም። እንዲያውም ከብዙዎቹ በተሻለ ገብቶታል። አሜሪካ ጉልላት ላይ ያቺ ቆብ ብትቆም ከታች ያለው ባሪያ ቀና ብሎ አይቶ ይህቺማ የኔ ናት ሊል ይችላል። ዴቪስ የፈራው ይህንን ይመስለኛል።

ሐውልቷን በነሐስ የማቅለጡ ሥራ ሲጀመር ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ከጣሊያን የመጣው የጂፕሰም ሞዴል ተገጣጥሞ ለዕይታ ቆሞ ነበር። ሲገጣጠም የተሳተፈ አንድ ጣሊያናዊ ባለሙያ ክፍያዬ ካልተጨመረ አልፈታም አለ። መገጣጠሚያዎቹ ተለስነው ስለነበር የት የት እንደሆኑ ማየት አይቻልም። መላውን ያገኘው ፊሊፕ ሪድ ነው። ሪድ የነሐስ አቅላጩ የክላርክ ሚልስ ባሪያ ነበር። ሚልስ ቻርልስተን ላይ በ1,200 ዶላር ነው የገዛው። ሪድ በሞዴሉ አናት ላይ ባለው የብረት ቀለበት ገመድ አስገብቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሳበው። መገጣጠሚያው መሰንጠቅ ሲጀምር ቦታው ታወቀ። ሞዴሉ ሳይሰበር ተፈታ። ከዚያም ሪድ ሐውልቷ ስትቀልጥ እሳቱ ሥር ሠራ። የሳምንቱን ሥራ ክፍያ ጌታው ይወስዳል። ለራሱ የተከፈለው የእሑዱ ብቻ ነው፣ በቀን 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም፣ ለ33 እሑዶች።

በኤፕሪል 1862 በዋሽንግተን ባርነት በሕግ ሲቀር ሪድ ነጻ ሰው ሆነ። ሐውልቷ በዲሴምበር 2 ቀን 1863 ጉልላቱ ላይ ስትወጣ ባርነትን ለማቆየት የሚዋጋው የደቡቡ መንግሥት ፕሬዚዳንት ማን ነበር? ያ ጄፈርሰን ዴቪስ። እንግዲህ ስለ ነጻነት ምልክት ስናወራ ይህ ሁሉ በአንድ ሐውልት ውስጥ አለ። የከለከለው፣ የሠራው፣ የተከፈለውና ያልተከፈለው።

ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ያለችው ታዋቂዋ የነጻነት ሐውልትም ከዚህ ብዙ አትርቅም። ሐሳቡን በ1860ዎቹ ያመነጨው ፈረንሳዊው ኤድዋር ደ ላቡሌ ባርነትን በመቃወም የታወቀ ሰው ነበር። ቀራጩ ባርቶልዲ መጀመሪያ ከሠራቸው ሞዴሎች በአንዱ ላይ የተሰበረው ሰንሰለት በእጇ ነበር። በመጨረሻው ሥራ ግን በእጇ አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻነቷን ያወጀችበት ቀን የተጻፈበት ሰሌዳ ገባ፣ ሰንሰለቱ ወደ እግሯ ሥር ወረደ። ዛሬ ከመሬት ሆኖ ቀና ብሎ ለሚያያት ሰው ሰንሰለቱ አይታየውም። በኦክቶበር 1886 ስትመረቅ የሴቶች የመምረጥ መብት ታጋዮች ጀልባ ተከራይተው በወደቡ ላይ ተቃውሞ አሰሙ። ነጻነት በሴት ተመስላ ቆማለች፣ ሴት ግን ድምፅ መስጠት አትችልም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ይህን መብት ያረጋገጠላቸው በ1920 ነው። ክሊቭላንድ ላይ የሚታተም የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጣ ደግሞ ደቡብ ያለው ጥቁር ሰው በእርግጥ ነጻ እስኪሆን ድረስ ችቦው አይብራ ብሎ ጻፈ። ስደተኛን ተቀባይ እናት የሚለው ትርጉሟ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያ ትርጉም በመርከብ ሲደርሱ መጀመሪያ ያዩዋት ሚሊዮኖች የሰጧት ነው። እኔ ይህንን እንደ ማጭበርበር አላየውም። ሕዝብ ምልክትን እንዲህ ነው የራሱ የሚያደርገው።

መንግሥት የራሱ ሲያደርገው ግን ነገሩ ይለወጣል። ፖርቶፕራንስ፣ ሄይቲ ውስጥ ብሔራዊ ቤተ መንግሥቱ ከነበረበት ቦታ ፊት ለፊት አንድ ድንቅ ሐውልት አለ። ከባርነት ያመለጠ ሰው ተንበርክኮ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት እንደ መለከት ይነፋል። እግሩ ላይ የተበጠሰ ሰንሰለት አለ። ሐውልቱ የቆመው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው፣ በፍራንሷ ዱቫሊዬ ዘመን። ዱቫሊዬ ሺዎችን ያስገደለና ያሰወረ አምባገነን ነበር። ሐውልቱ ውሸት አይደለም፤ የሄይቲ ሰዎች ሰንሰለታቸውን በእርግጥ በገዛ እጃቸው በጥሰዋል። ሆኖም የትናንቱ ሰንሰለት መበጠስ ለዛሬው ገዢ መጋረጃ ሆኖ አገልግሏል።

ጋና ከዚህ የተለየች ናት፣ የመጀመሪያ መሪዋን ንክሩማንም ከዱቫሊዬ ጋር አንድ ላይ አላስቀምጠውም። ነገር ግን እዚያም ትምህርት አለ። ጋና በማርች 6 ቀን 1957 ነጻ ስትወጣ ለባንዲራዋ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መረጠች። ቀለማቱ በ1896 አድዋ ላይ ቅኝ ገዢን ያሸነፈችው የኢትዮጵያ ባንዲራ ቀለማት ናቸው። ጊኒና ማሊም ተከተሉ። አክራ ላይ ነጻነትና ፍትሕ የሚል የተጻፈበት የድል ቅስት ቆመ። በ1958 ግን ሰውን ያለ ፍርድ እስከ አምስት ዓመት ማሰር የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ለነጻነት ከታገሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ የሆነው ጄ. ቢ. ዳንኳ በ1965 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ቅስቱ ቆሞ ነበር። ባንዲራው እየተውለበለበ ነበር። የጎደለው ታሳሪው ዳኛ ፊት የመቅረብ መብቱ ነበር። ያ መብት ደግሞ ቅስት የለውም።

ታዲያ ነጻነት ራሱ ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ከፍልስፍና መጽሐፍ ይልቅ አንድ ጨርቅ የበለጠ ያስረዳኛል። በሴፕቴምበር 2022 ማሳ አሚኒ የተባለች የ22 ዓመት ወጣት ቴህራን ላይ በአለባበሷ ሰበብ ተይዛ ሕይወቷ አለፈ። ከዚያ በኋላ የኢራን ሴቶች የራስ መሸፈኛቸውን አውልቀው አቃጠሉ፣ ፀጉራቸውን በአደባባይ ቆረጡ። ማውለቅ ነጻነት ሆነ። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ በ2004 የወጣ ሕግ ተማሪዎች በመንግሥት ትምህርት ቤት የራስ መሸፈኛ እንዳያደርጉ ይከለክላል። በ2023 አባያ የሚባለው ረጅም ቀሚስ ተጨመረ። ቀሚሱን አንቀይርም ያሉ ልጃገረዶች ከትምህርት ቤት በር ተመልሰዋል። ለእነሱ ደግሞ መልበስ ነጻነት ሆነ።

ሁለቱን አገሮች እኩል እያደረግሁ አይደለም። ቴህራን ላይ ሰው ሞቷል፤ ፈረንሳይ ውስጥ ፍርድ ቤት አለ፣ ሰልፍ አለ፣ ጋዜጣ አለ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጨርቁ ግን አንድ ነው፣ ጥያቄውም አንድ ነው። ራሷ ላይ ምን እንደምታደርግ የሚወስነው ማነው? ነጻነቱ ያለው ጨርቁ ውስጥ አይደለም። ውሳኔው ማን እጅ እንዳለ ነው ጉዳዩ።

ኢሳያ በርሊን የተባለ ፈላስፋ በ1958 ኦክስፎርድ ላይ ባደረገው ንግግር ነጻነትን በሁለት ከፍሎ አይቶታል። አንደኛው ሌላ ሰው እንዳያስገድደኝ መከላከል ነው። ሁለተኛው የሕይወቴ ባለቤት ራሴ መሆን ነው። በርሊን ሁለተኛውን በጥርጣሬ ነበር የሚያየው። አምባገነኖች ለእናንተ የሚበጃችሁን እኛ እናውቃለን እያሉ ያንኑ ሐሳብ ሲጠቀሙበት አይቷልና። ስጋቱ እውነት አለው። ግን የመጀመሪያው ብቻውን አይበቃም ብዬ አምናለሁ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮዝቬልት በጃንዋሪ 1941 አራት ነጻነቶችን ሲዘረዝር ከመናገርና ከማምለክ ነጻነት ጎን ከችግርና ከፍርሃት ነጻ መሆንን ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚበላው የሌለው ሰው አዎ ወይም አይ ለማለት አቅሙ ቀጭን ነው።

ወደ ማግስቱ እንምጣ። ምልክቶቹ ዝም የሚሉት እዚህ ላይ ነው።

ብሪታንያ በ1833 በግዛቶቿ ባርነትን የሚሽር ሕግ አወጣች። ካሳም ተከፈለ፣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ። ይህ በጊዜው ከመንግሥቱ የዓመት ወጪ 40 በመቶ ያህሉ ነበር። የተከፈለው ለማን ነው? ለባሪያ አሳዳሪዎቹ። ነጻ ለወጡት ሰዎች አንድ ሳንቲም አልተሰጠም። እንዲያውም አብዛኞቹ በሥራ ለማጅነት ስም እስከ 1838 ድረስ ለቀድሞ ጌቶቻቸው ያለ ክፍያ እንዲሠሩ ተደረገ። ለካሳው የተወሰደው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። የእነዚያ ባሪያዎች የልጅ ልጆች ለንደን ውስጥ እየሠሩ በግብራቸው ሲከፍሉት ኖረዋል።

ሄይቲ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በ1804 ነጻነቷን አወጀች፣ ባሪያዎች ተነስተው የመሠረቷት አገር ሆነች። በ1825 የፈረንሳይ የጦር መርከቦች መጥተው 150 ሚሊዮን ፍራንክ ጠየቁ። ቅኝ ገዢዎቹ ላጡት ንብረት ማካካሻ ነው ተባለ። ከንብረቱ ውስጥ ሰዎቹ ራሳቸው ይቆጠሩ ነበር። ሰው የራሱን ሰውነት ዋጋ ለቀድሞ ጌታው ክፈል ተባለ ማለት ነው። ገንዘቡ በ1838 ወደ 90 ሚሊዮን ቢቀነስም፣ ከዚህ ዕዳ ጋር የተያያዙት ብድሮች የተዘጉት በ1947 ነው። ቀንድ አውጣ የሚነፋው ሰው ሐውልት ይህን አያሳይም። ሊያሳይም አይችልም። ወለድ በነሐስ አይቀረጽም።

አሜሪካም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በጃንዋሪ 1865 ጄኔራል ሼርማን በደቡብ ጠረፍ ያለ መሬት ለእያንዳንዱ ነጻ የወጣ ቤተሰብ እስከ 40 ኤከር እንዲከፋፈል አዘዘ። ሰዎች ሰፈሩበት፣ አረሱት። ዓመቱ ሳያልቅ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን መሬቱ ለቀድሞ ባለቤቶቹ እንዲመለስ አደረገ። ሰንሰለቱ ተበጥሷል። መሬቱ ግን የጌታው ነው፣ ስለዚህ ሥራውም ደሞዙም በጌታው ቃል ያድራል።

ማግስቱን የሚያሳይ ምልክት ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም። ሁለት ይታዩኛል።

አንዱ የደቡብ አፍሪካ ሰልፍ ነው፣ የምርጫው። በአፓርታይድ ዘመን ጥቁር ሰው 16 ዓመት ከሞላው የይለፍ ደብተር ካልያዘ በገዛ አገሩ መንቀሳቀስ አይችልም ነበር። በማርች 1960 ሻርፕቪል ላይ ደብተሩን በመቃወም ከወጣው ሕዝብ ፖሊስ 69 ሰው እንደገደለ በወቅቱ ተነገረ። ማንዴላ በዚያው ወር የራሱን ደብተር በአደባባይ አቃጠለ። ያቺ እሳት የመፈታት ምልክት ናት። በኤፕሪል 27 ቀን 1994 ግን ሌላ ምስል መጣ። ከአየር የተነሱ ፎቶዎች ላይ በሜዳው እንደ እባብ የሚጠማዘዝ የመራጮች ሰልፍ ይታያል። ማንም ምንም አልሰበረም። ሰዎች ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ይህ ምስል በየአምስት ዓመቱ መታደስ አለበት፣ ካልታደሰ ይሞታል። በ2024ቱ ምርጫ ከተመዘገበው ሕዝብ ድምፅ የሰጠው ወደ 59 በመቶ ዝቅ ብሎ ነበር። ሥራ ያጣ ወጣት ሰልፍ ውስጥ መቆም ለምን ይጠቅመኛል ብሎ ሲጠይቅ አልፈርድበትም። ጥያቄው የሚነካው ያንን ከችግር ነጻ የመሆን ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ጋንዲ ሕንድ ውስጥ ያመጣው ነው። በማርች 1930 ጥቂት ተከታዮቹን ይዞ 385 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሩ ተጉዞ ኤፕሪል 6 ቀን ባሕር ዳርቻ ላይ ጨው አነሳ። ጨው ማምረት ያለ እንግሊዞች ፈቃድ ወንጀል ነበር። በዚያ ዓመት ከ60,000 በላይ ሰዎች ታሰሩ። ልብ በሉ፣ ይህ ምልክት ማንም ሰው ነገ ሊደግመው የሚችለው ሥራ ነው። በደገመው ቁጥር ደግሞ ገዢውን የሚፈልግበት ምክንያት አንድ ይቀንሳል። የመፍተያ መንኮራኩሩም እንደዚሁ። ጋንዲ ሰው ሁሉ ጥጡን ፈትሎ ልብሱን ይልበስ፣ ከእንግሊዝ ፋብሪካ ጨርቅ ይላቀቅ አለ። መንኮራኩሩ የንቅናቄው ባንዲራ ላይ ወጣ። በ1947 በጥንታዊው የንጉሥ አሾካ መንኮራኩር ቢተካም የአገሪቱ ባንዲራ በእጅ ከተፈተለና ከተሸመነ ጨርቅ፣ ካዲ ከሚሉት፣ ብቻ እንዲሠራ ደንቡ ያዝ ነበር።

በዲሴምበር 2021 ደንቡ ተሻሻለ። ፖሊስተርም፣ በማሽን የተሠራም ተፈቀደ። በሚቀጥለው ነሐሴ አገሪቱ 75ኛ የነጻነት በዓሏን ስታከብር መንግሥት በየቤቱ ባንዲራ ይሰቀል የሚል ትልቅ ዘመቻ አካሄደ። ያን ሁሉ ባንዲራ በእጅ ሠርቶ ማድረስ አይቻልም፣ ርካሹ ጨርቅ ባንዲራውን ለድሃውም ያዳርሳል የሚለው ክርክር ይገባኛል። ካዲ ፈትለውና ሸምነው የሚያድሩት ሠራተኞች ግን ውሳኔውን ተቃወሙ። እነሱ የሚሠሩት ባንዲራ ያ የማግሥቱ ነጻነት ራሱ ነበር፤ ፈትሉም፣ ሽመናውም፣ ከእሱ የሚገኘው እንጀራም በእጃቸው ነው። ለባንዲራው ፖሊስተሩ ሊበቃው ይችላል። ፈታዮቹና ሸማኔዎቹ ግን የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ በሚቀጥለው ዓመት ትእዛዝ ይመጣልን ወይ?